የደጋፊ ብዛትና የዋንጫ ቁጥር

የአንደኛ ዓመት የሜካኒክስ ትምህርት አብቅቶ ሰሌዳውን በማጽዳት ላይ ሳለሁ አንድ ተማሪ ወደ ፊት መጣ። ከጃኬቱ ሥር የኢትዮጵያ ቡናን ማሊያ ለብሷል። «መምህር፣ ከትምህርቱ ውጪ የሆነ ጥያቄ ብጠይቅ አይቆጡኝ» ካለ በኋላ፣ «ይህን ያህል ደጋፊ ያለው ክለብ ሊጉን አንድ ጊዜ ብቻ ማሸነፉ ከምን የተነሣ ነው? ተራችንስ መቼ ነው የሚደርሰን?» አለኝ። ፈገግ ብዬ ላልፈው ስል ንግግሩን ቀጠለ። ለወሩ ከቤት ከተላከለት ገንዘብ አብዛኛውን ወደ ውርርድ ቤት ወስዶ፣ አራት ጨዋታ በተከታታይ በተሸነፈ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ክለብ ላይ አስይዞታል። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ «ትልቅ ክለብ ነው፤ አራት ጊዜ ተሸንፏል፤ አምስተኛውን ማሸነፉ የግድ ነበር» አለ። ክለቡ ግን አምስተኛውንም ተሸነፈ።

የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ስለነበር የሰጠሁት መልስ አጭርና የማያጠግብ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው። በተማሪው ንግግር ውስጥ ሁለት እምነቶች ተቆራኝተው ይገኛሉ። አንደኛው፣ ብዙ ሕዝብ የሚከተለው ክለብ ብዙ ዋንጫ ይገባዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚገባው ነገር በዘገየ ቁጥር መምጫው ይቀርባል የሚል ነው። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው እምነት በከፊል እውነት ሲሆን ሁለተኛው ፈጽሞ ሐሰት ነው። ሁለቱንም በፊዚክስ ተማሪ ዓይን እንመልከታቸው።

«ከአቅም በታች» ማለት ምን ማለት ነው?

በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ተማሪ «ንባቡ አነሰ» ቢለኝ ወዲያው የምጠይቀው «ከምን አነሰ?» ብዬ ነው። የሚጠበቀው ዋጋ አስቀድሞ ካልታወቀ ማነስም ሆነ መብለጥ ትርጉም የለውም። በእግር ኳስ ዓለም ግን ይህ ጥያቄ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ደጋፊው «እኛ ትልቅ ክለብ ነን» ይላል፤ ከዚያም ያለ ምንም ስሌት «ስለዚህ ዋንጫ ይገባናል» ብሎ ይደመድማል።

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሊግ ውስጥ ራሳቸውን «ትልቅ» የሚሉ ስድስት ክለቦች አሉ እንበል። የእያንዳንዳቸው ደጋፊ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ማንሣት ተገቢ ነው ብሎ ያምናል። አንድ ሦስተኛ በስድስት ሲባዛ ሁለት ይሆናል። በዓመት ሁለት ሻምፒዮን ማለት ነው፤ ሊጉ ግን በዓመት የሚሰጠው አንድ ዋንጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ዓይነት አሠልጣኝ ቢቀጠር፣ ምንም ዓይነት ተጫዋች ቢገዛ፣ ከእነዚህ ስድስት ክለቦች ደጋፊዎች መካከል ብዙዎቹ ቅር ተሰኝተው ይኖራሉ። ቅሬታቸው የተወለደው ከሜዳው ሳይሆን ከመደመር ስሕተት ነው። የሁሉም ክለቦች የማሸነፍ ዕድል ተደምሮ ከአንድ ሊበልጥ አይችልም። ይህን ዓረፍተ ነገር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ በመጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

እውነተኛውን መዝገብ ብንመለከት ነገሩ ይብሳል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1992 አንሥቶ እስከ 2025 ድረስ በተካሄዱት 33 የውድድር ዘመናት ሻምፒዮን የሆኑት ሰባት ክለቦች ብቻ ናቸው። ማንችስተር ዩናይትድ 13፣ ማንችስተር ሲቲ 8፣ ቼልሲ 5፣ አርሰናል 3፣ ሊቨርፑል 2፣ ብላክበርንና ሌስተር ሲቲ አንድ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል። ኒውካስል፣ ቶተንሃም፣ ኤቨርተንና አስቶን ቪላን የመሳሰሉ ታሪክና ደጋፊ ያላቸው ክለቦች በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

የኒውካስል ጉዳይ

ከእነዚህ መካከል በቅርብ የማውቀው ኒውካስል ዩናይትድን ነው። የዶክትሬት ትምህርቴን የተከታተልኩት በዚያች የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ነበር። ስታዲየሙ ሴንት ጀምስ ፓርክ እንደ ሌሎቹ ከከተማ ዳርቻ ተገልሎ የተሠራ ሳይሆን በመኻል ከተማ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ፣ ከየአቅጣጫው የሚታይ ሕንፃ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በእግር የጥቂት ደቂቃዎች መንገድ በመሆኑ ቅዳሜ ቤተ ሙከራ ስገባ ጎል መቆጠሩን የምሰማው ከራዲዮ ሳይሆን ከመስኮቱ ነበር።

የክለቡ የክብር መዝገብ እንዲህ ይነበባል። ሊጉን በ1905፣ በ1907፣ በ1909 እና በ1927 አሸነፈ። የኤፍ.ኤ. ካፕን ስድስት ጊዜ ወሰደ፤ የመጨረሻው በ1955 ነበር። በ1969 ደግሞ የአውሮፓ ከተሞች የፌርስ ካፕን አነሣ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። በ1995/96 የውድድር ዘመን በአሠልጣኝ ኬቪን ኪገን እየተመራ በጥር ወር በ12 ነጥብ ከፊት ቀድሞ ሳለ በመጨረሻው ማንችስተር ዩናይትድ 82፣ ኒውካስል 78 ነጥብ ይዘው ፈጸሙ። በዚያው ዓመት ክረምት አለን ሺረርን በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በነበረ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በ1998 እና በ1999 ለኤፍ.ኤ. ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም 2 ለ 0 ተሸነፈ። በ2009 እና በ2016 ደግሞ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ።

በ2009 ክለቡ ሲወርድ እዚያው ነበርኩ። ያን ጊዜ የጠበቅሁት ስታዲየሙ ባዶ ይሆናል ብዬ ነው። በተከታዩ ዓመት ግን በሁለተኛው ሊግ ውስጥ እየተጫወተ በአማካይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይገባለት ነበር። ብዙ የአንደኛ ሊግ ክለቦች ያልነበራቸው ቁጥር ነው። እኔም አንድ ቀን ትኬት ቆርጬ ገባሁ። በብርድ ውስጥ ከአባቱና ከአያቱ ጋር የተቀመጠ ልጅ ነበር፤ ሦስቱም በአንድነት ይዘምራሉ። ከሦስቱ የክለቡን ዋንጫ በዓይኑ ያየ ቢኖር አያትየው ብቻ መሆኑን በልቤ አሰላሁ። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሕዝብ ከኋላው እያለ እንዲህ ያለ ድርቅ ከየት ይመጣል?

የፈረስ እርግጫና ጎል

መልሱን የምንጀምረው ከጎል ነው። በእግር ኳስ ጎል ብርቅ ነገር ነው። በትልልቅ ሊጎች በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለቱ ቡድኖች ተደማምረው የሚያገቡት በአማካይ ከሦስት ያነሰ ነው። ብርቅ የሆኑና እርስ በርሳቸው እምብዛም የማይጠባበቁ ክስተቶችን ለመቁጠር የሒሳብ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ቀመር በፈረንሳዊው ሲሜዮን ዴኒ ፖይሰን ስም ይጠራል። ቀመሩ ዝነኛ የሆነው በ1898 ላዲስላውስ ቦርትኬቪች በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በፈረስ እርግጫ የሞቱ ወታደሮችን ቁጥር በእርሱ ካስረዳ በኋላ ነው። ያው ቀመር የራዲዮአክቲቭ ቁስ በደቂቃ የሚረጨውን ቅንጣት ይቆጥራል፤ በጥሩ ግምትም ጎልን ይቆጥራል።

አሁን ሁለት ቡድኖችን እንውሰድ። ጠንካራው በአንድ ጨዋታ በአማካይ 1.6 ጎል፣ ደካማው 1.1 ጎል የማግባት አቅም አላቸው እንበል። ይህ በሊግ ደረጃ ጥቂት የማይባል ልዩነት ነው። በፖይሰን ቀመር ስናሰላ ጠንካራው የማሸነፍ ዕድሉ 49 በመቶ፣ አቻ የመውጣት ዕድል 25 በመቶ፣ ደካማው የማሸነፍ ዕድሉ ደግሞ 26 በመቶ ሆኖ ይገኛል። በሌላ አነጋገር፣ የተሻለው ቡድን የሚያሸንፈው ከሁለት ጨዋታ አንዱን ብቻ ነው፤ ከአራት አንዱን ይሸነፋል። የካልኩሌተር ባለቤት የሆነ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ እንዲያረጋግጥም እመክራለሁ።

ወደ ውድድር ዘመን ስናሰፋው ይህ ጠንካራ ቡድን 38ቱንም ጨዋታ እንዲህ ካሉ ተጋጣሚዎች ጋር ቢጫወት በአማካይ 65 ነጥብ ይሰበስባል። ነገር ግን ዕድል ብቻውን የሚፈጥረው መዋዠቅ፣ በስታትስቲክስ ቋንቋ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው፣ 8 ነጥብ ያህል ነው። ይህም ማለት ቡድኑ ምንም ሳይሻሻልና ምንም ሳይበላሽ፣ አንድ ዓመት 57፣ ሌላ ዓመት 73 ነጥብ ይዞ ቢጨርስ ሊያስደንቀን አይገባም ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አሠልጣኙ ይባረራል፤ በሁለተኛው ሐውልት ይታሰብለታል። እኩል ጥንካሬ ባላቸው ሁለት ቡድኖች መካከል ደግሞ በዕድል ብቻ የሚፈጠረው የነጥብ ልዩነት እስከ 11 ድረስ መሄዱ የተለመደ ነው። በ1996 ኒውካስልን ከዋንጫው የለየው 4 ነጥብ ነበር። ስለዚያ ዓመት ብዙ ተጽፏል፤ የኪገን ስሜታዊነት፣ የመከላከሉ ድክመት ተተንትኗል። ትንተናው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን ያን ሁሉ ትንተና የሚሸከም አይደለም።

መዋዠቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ለሚሻ የካቲት 5 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) የተደረገውን ጨዋታ አስታውሳለሁ። አርሰናል በሴንት ጀምስ ፓርክ በ26 ደቂቃ ውስጥ 4 ለ 0 መራ። በእረፍት ሰዓት ስታዲየሙን ጥለው የወጡ ሰዎች በቤተ ሙከራዬ መስኮት ሥር አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ አየሁ። ጨዋታው 4 ለ 4 አለቀ። አገር ቤት ያሉ የአርሰናል ደጋፊ ወዳጆቼ ያን ቀን በስልክ የነገሩኝን እዚህ ላይ ማተም አይቻልም።

ሃምሳ አምስት ዓመት በዕድል ብቻ?

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ፣ «አንድ ዓመት በዕድል ይሳበባል፤ ከ1969 እስከ 2025 ያለውስ?» ብሎ ይሞግተኛል። ሙግቱ ተገቢ ነው። ኒውካስል ከፌርስ ካፕ በኋላ 55 የውድድር ዘመናትን ያለ ትልቅ ዋንጫ አሳልፏል። እንደ ክለቡ ትልቅነት በየዓመቱ ካሉት ዋንጫዎች አንዱን የማንሣት ዕድሉ 10 በመቶ ነበር እንበል። 55 ዓመት በተከታታይ ባዶ እጅ የመቅረት ዕድሉ 0.9 በራሱ 55 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ከሺህ 3 ይሆናል። ይህ ከዕድል ጋር ለማስታረቅ የሚከብድ ቁጥር ነው። የዓመቱ ዕድሉ 5 በመቶ ነበር ካልን ግን ውጤቱ ወደ 6 በመቶ ከፍ ይላል። ያን ያህል ዕድል ያላቸው ሃያ ክለቦች ቢኖሩ ደግሞ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ እንዲህ ያለ ድርቅ እንዲመታው የመሆን ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ እኛ ስለ ኒውካስል የምናወራው ኒውካስል ስላላሸነፈ ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ ዕጣ የወጣበትን ሰው ጠቅሶ «ለምን እርሱ?» ማለት የምርጫ ስሕተት ነው፤ ከብዙዎች መካከል አንዱ ላይ መውጣቱ አይቀርም ነበርና። ሁለተኛ፣ ይህም ሆኖ የመነሻ ግምታችን ከፍ ባለ ቁጥር ዕድል ብቻውን በቂ ምክንያት መሆኑ ያከትማል። ክለቡ በእውነት ትልቅ ከነበረ፣ በእውነትም አንድ ነገር ተበላሽቶ ነበር። ምን?

መጠነ ቁስና ኃይል

ደጋፊ ኃይል ነው ይባላል። በእኔ አስተያየት ደጋፊ ይበልጥ የሚመስለው መጠነ ቁስን ነው። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት መጠነ ቁስ አንድ አካል የፍጥነት ለውጥን የሚቃወምበት መጠን ነው። ከባድ አካል በቀላሉ አይቆምም፤ በቀላሉም አይነሣም። በ2009 ኒውካስል ሲወርድ 40 ሺህ ሰው አብሮት መውረዱ ክለቡን ከመጥፋት አድኖታል፤ በአንድ ዓመትም መለሰው። ነገር ግን ያው ክብደት ክለቡን ለባለቤቶቹ ምቹ አድርጎታል። ውጤት ቢጠፋም ወንበሩ ይሞላልና። ምሳሌ ማስረጃ እንዳልሆነ ለተማሪዎቼ ዘወትር እነግራቸዋለሁ፤ ስለዚህ ወደ ማስረጃው እንለፍ።

ሳይመን ኩፐርና ስቴፋን ሺማንስኪ በ2009 ባሳተሙት መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ የእንግሊዝ ክለቦች በረጅም ዓመታት አማካይ የሚይዙት ደረጃ ልዩነት ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ ለተጫዋቾች ከሚከፍሉት ደመወዝ ጋር አብሮ ይሄዳል። ደረጃን የሚከተለው የደመወዝ መዝገብ እንጂ የደጋፊ መዝገብ አይደለም። ታዲያ ጥያቄው የደጋፊ ብዛት ምን ያህሉ ወደ ደመወዝ፣ ደመወዙ ምን ያህሉ ወደ ጥሩ ተጫዋች ይለወጣል የሚለው ነው። በሞተር ትምህርት ላይ እንደምንለው፣ የነዳጁ ብዛት ሳይሆን የመለወጥ ብቃቱ ነው ወሳኙ።

የመጀመሪያው ብክነት እዚህ ላይ ይታያል። ከፕሪሚየር ሊጉ የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ገቢ ግማሹ ለሃያዎቹ ክለቦች እኩል ይከፋፈላል፤ ሩቡ በደረጃ፣ ሩቡ ደግሞ በቴሌቪዥን በታዩ ጨዋታዎች ብዛት ይታደላል። ከውጭ አገር የሚገኘው ገቢ እስከ 2019 ድረስ ሙሉ በሙሉ እኩል ይከፋፈል ነበር። በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ለምትወዱት ክለብ ስትጮኹ የከፈላችሁት ገንዘብ ከቤቱ ባለቤት ወደ አሠራጩ፣ ከአሠራጩ ወደ ሊጉ ይሄዳል፤ ከዚያም የምትጠሉትን ክለብ ጨምሮ ለሁሉም ይደርሳል። ስታዲየሙም ከመጠኑ በላይ ሰው አይዝም። መቶ ሺህ ሰው ትኬት ቢመኝ ሴንት ጀምስ ፓርክ የሚይዘው 52 ሺህ ያህሉን ነው።

ሁለተኛው ብክነት በውሳኔ ላይ ነው። ማንኛውም ሥርዓት ከተነቀነቀ በኋላ ወደ እርጋታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይረጋ ደጋግሞ የሚነቀነቅ ፔንዱለም የት እንደሚቆም ማንም አያውቅም። ኒውካስል በወረደበት በ2008/09 የውድድር ዘመን ቡድኑን ኪገን፣ ጆ ኪኒር፣ በጊዜያዊነት ክሪስ ሂውተን፣ በመጨረሻም ሺረር ተፈራርቀውበታል። በዘጠኝ ወር አራት ሰው ማለት ነው። በ2003 ክለቡን በሊጉ ሦስተኛ አድርጎት የነበረው ሰር ቦቢ ሮብሰን እንኳ በ2004 የተሰናበተው በቀደመው ዓመት አምስተኛ ሆኖ በፈጸመ ማግሥት ነው። መዋዠቅን እንደ ውድቀት የሚያነብ አመራር፣ ውድቀትን በገዛ እጁ ይፈጥራል። እዚህ ላይ የደጋፊ ብዛት ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይታይም፤ 50 ሺህ ሰው «ይውጣ!» ሲል ትዕግሥት የሚኖረው አመራር ጥቂት ነውና።

ባዶው ስታዲየም

እንዲህ ስል ደጋፊ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ተፈጥሮ አንድ ጊዜ ያልታሰበ ሙከራ ሠራችልን። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አብዛኛው የ2020/21 የውድድር ዘመን በባዶ ስታዲየም ሲካሄድ፣ በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዶች ከባለሜዳዎች የበለጠ አሸነፉ፤ 153 ለ 144። በሜዳው ውስጥ የሚዘምር ሰው በውጤት ላይ ተጽዕኖ አለው ለማለት ይህ ጠንካራ ምልክት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ጥቅም የትልልቆቹ ብቻ አይደለም። ትንሹም ክለብ በራሱ ሜዳ የራሱ ዘማሪ አለው። ሁሉም የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ሌስተር ሲቲን የሚያስታውሱም ይኖራሉ። በ2016 አወራራጆች አምስት ሺህ ለአንድ ሰጥተውት የነበረው ክለብ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ለዕድል ክርክሬ ማጠናከሪያ እንጂ ማፍረሻ አይደለም፤ ያው ክለብ በ2023 ወርዷልና። ቶተንሃምም በ2025 በፕሪሚየር ሊጉ 17ኛ ሆኖ እየጨረሰ ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 በመርታት የዩሮፓ ሊግ ዋንጫን አነሣ። ተሸናፊው ደግሞ በዚያው ሊግ 15ኛ ነበር። የጥሎ ማለፍ ውድድር ጥቂት ጨዋታ ነው፤ በጥቂት ልኬት ውስጥ ደግሞ መዋዠቅ ይነግሣል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ

የተማሪዬ ክለብ ኢትዮጵያ ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየምን በቡናማ ቀለም ሲያለብሱት የነበሩትን ደጋፊዎቹን ያየ ሰው ቁጥሩ አንድ ብቻ መሆኑን ለማመን ይቸገራል። አሁን ግን የ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን መሆናቸውን አስተውሉ። በደጋፊ ብዛት ከቡናም ሆነ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። በእኛ ሊግ የአብዛኛው ክለብ በጀት የሚመጣው ከመንግሥት ተቋም፣ ከባንክ ወይም ከከተማ አስተዳደር ነው። በእንግሊዝ አገር በደጋፊና በደመወዝ መካከል ያለው ማስተላለፊያ የሚያፈስ ቧንቧ ነው ብንል፣ በእኛ አገር ቧንቧው ከናካቴው አልተዘረጋም ማለት ይቻላል። እንግዲህ የቡና ደጋፊ «ይህን ያህል ሆነን ሳለ» ሲል ትክክል ነው፤ «ስለዚህ ይገባናል» ሲል ግን አንድ ደረጃ ዘልሏል። የሚያዋጣው ጥያቄ «ተራችን መቼ ነው?» የሚለው ሳይሆን «ብዛታችን በምን መንገድ ሥራ ይሆናል?» የሚለው ነው። በአባልነት መዋጮ ነው? በትኬት ነው? በወጣት ማሠልጠኛ ነው? ይህ ጥያቄ ከስታዲየም ውጪም የሚሠራ ይመስለኛል። የተማሪዎቹን ቁጥር እንደ ውጤት የሚቆጥር ትምህርት ቤትም ያንኑ ደረጃ ዘልሏል።

ለተማሪዬ

ኒውካስል መጋቢት 16 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) በዌምብሌይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የሊግ ካፕን ወሰደ። ተራው ደርሶ ነው? አይደለም። በጥቅምት 2021 ክለቡ በሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት መዋዕለ ንዋይ ፈንድ ለሚመራ ቡድን ተሸጠ፤ የደመወዝ መዝገቡ ተለወጠ፤ በወሩ የተቀጠረው ኤዲ ሃው ከሦስት ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጠው። በ2023 በዚያው ዋንጫ ፍጻሜ ተሸነፈ፤ በ2025 አሸነፈ። የዋንጫው ዕድል ከፍ ያለው ዓመታት ስላለፉ ሳይሆን ምክንያቶቹ ስለተለወጡ ነው። የገንዘቡ ምንጭ መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የፊዚክስ ቀመር አይፈታውም።

አሁን በአእምሯችሁ ያዙልኝ ወዳልኩት ዓረፍተ ነገር ልመለስ። የሁሉም ውጤቶች ዕድል ተደምሮ ከአንድ አይበልጥም ብለናል። ድምሩ ከአንድ የሚበልጥበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እርሱም የውርርድ ቤቱ ወረቀት ነው። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ጨዋታ ለማሸነፍ 2.00፣ ለአቻ 3.40፣ ለመሸነፍ 3.60 ተጽፎ ቢገኝ፣ አንድን ለእያንዳንዱ ቁጥር አካፍላችሁ ደምሩ። 0.500፣ 0.294 እና 0.278 ተደምረው 1.072 ይሆናሉ። ከአንድ በላይ ያለችው ትርፍ የቤቱ ናት። በሦስቱም ላይ ዋጋውን ጠብቆ 100 ብር ያስያዘ ሰው ምንም ውጤት ቢመጣ የሚመለስለት 93 ብር ገደማ ነው። ቤቱ ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው «ትልቅ ክለብ ነው፤ ተራው ደርሷል» የሚል ሰው በበሩ እንዲገባ ብቻ ነው።

አራት ጊዜ የተሸነፈ ክለብ አምስተኛውን የሚያሸንፍበት ዕዳ የለበትም። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፤ ኳስም እንዲሁ። እንዲያውም አራቱ ሽንፈቶች የሚነግሩን ነገር ካለ፣ ክለቡ ካሰብነው በታች ደካማ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ተማሪዬ ሆይ፣ ክለብህን ውደድ። በሴንት ጀምስ ፓርክ ያየሁት ልጅ ከአባቱና ከአያቱ ጋር የተቀመጠው ዋንጫ ይገባኛል ብሎ አልነበረም፤ መቀመጫው የቤተሰቡ ስለነበረ ነው። ፍቅር ስሌት አያስፈልገውም። ከቤት የተላከልህ ገንዘብ ግን ያስፈልገዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ካልኩሌተርህን ይዘህ ወደ ቢሮዬ ብቅ በል፤ 49፣ 25 እና 26 የሚሉትን ቁጥሮች አብረን ከመጀመሪያው እናወጣቸዋለን።